ሱካር ጭድ አልበላም አለ፤ ለወፈረና ለመራጭ ፈረስ ምን ይሻላል? (ድሬዳዋ)

ሱካር_ቤት · ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

አባቴ ትቶልኝ የሄደ አንድ ፈረስ አለን። ስሙ ሱካር ነው፣ ስኳር ማለት። ድሮ ጋሪ ይጎትት ነበር፤ ባጃጅ ሲበዛ ጋሪው ቆመ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። አሁን ሥራው በበዓልና በልደት ሕፃናት ጀርባው ላይ ወጥተው ፎቶ ሲነሱ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነው። ቁመቱ አጭር ነው፣ ፈረንጆቹ ፖኒ ከሚሉት ይመደባል።

ችግሩ ወፈረ። ወፈረ ስላችሁ ትንሽ ሞላ ማለቴ አይደለም። እንግዳ ግቢያችን ሲገባ «መቼ ነው የምትወልደው?» ይለኛል። ወንድ ነው እኮ! ጋማው ሥር እንደ በሬ ሻኛ ያለ ነገር አውጥቷል፣ ጎድኑን በእጄ ዳብሼ አጣሁት። ባለፈው ሳምንት ያየው የእንስሳት ሐኪም «ቀለብ ቀንሺለት፣ እንዲህ ከቀጠለ ሰኮናውን ይታመማል» ብሎኝ ሄደ። ምን ልቀንስ፣ በምን ልተካ፣ አልነገረኝም። እኔም ደንግጬ አልጠየቅኩትም።

እስካሁን የሚበላው ፉሩሽካ በሞላሰስ፣ አንዳንዴ ፋጉሎ (ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው)፣ ከዚያ ድርቆሽ ነው። ሞላሰሱን ከልክዬ የጤፍ ጭድ ገዛሁለት። አሸተተው፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ፊቱን አዞረ። ትናንት ደግሞ ሳፋውን በአፍንጫው ገፍቶ ደፋው። ያኮረፈ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ካሎሪው ያነሰ ግን የሚጥመው መኖ ምን አለ? ወይስ ሲርበው ይበላል ብዬ ሁለት ሦስት ቀን ልጨክንበት?

በርጫ_ሰዓት · ሰኞ፣ ማታ 2፡25

አቦ በመጀመሪያ ስሙን ቀይሩለት። ሱካር ብላችሁ ጠርታችሁት ጭድ ብላ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው። ኮሶ በሉት፣ በሳምንቱ ይከሳል።

ካልሆነ ገረባ፣ የጫት ተራፊውን፣ ስጪው። ሰፈራችን ያሉ ፍየሎች ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ገረባ በልተው እርስ በርስ ሲያወሩ ነው የሚያመሹት።

ቬት_ዘላን · ሰኞ፣ ማታ 3፡02

ገረባውን እርሺው። የሚያነቃቃ ቅጠል ነው፣ ፈረስ እንደ ፍየል አይደለም። ቀልዱን ግን ወድጄዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በፍጹም እንዳታስርቢው። ይሄን ደግሜ የምጽፈው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የወፈረ ፈረስ፣ በተለይ አጭሩ ዓይነት፣ አህያም እንደዚሁ፣ በድንገት ምግብ ሲቋረጥበት ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ በአንዴ ወደ ደም ይለቀዋል። ደሙ በስብ ይሞላል፣ ጉበቱ ይጎዳል፣ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለት ቀን ጨክኜበት ይለምዳል ብሎ ነገር የለም። ጭዱን አልበላም ካለሽ ድርቆሽ ስጪውና ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

ሐኪሙ ስለ ሰኮና ያለሽ እውነት ነው። ስኳርና ስታርች ሲበዛ፣ የጋማው ሥር እንዲህ ሲያብጥ፣ ኢንሱሊኑ ይዛባል፤ ከዚያ ሰኮናውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል። ሰኮናው ከሞቀሽ፣ ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር ጎልቶ ከመታ፣ ወይም የፊት እግሩን ወደፊት ሰድዶ ወደ ኋላ ተደግፎ ከቆመ፣ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጥሪ።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ሲበላ ያኘከውን እንደ ኳስ አድርጎ ይተፋል? ጥርሱን የሚያመው ፈረስ እንዲህ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪው። ዙሪያውን ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሙዳው (አንገቱ ከጀርባው የሚገናኝበት ጉብታ) ላይ አድርገሽ፣ ርዝመቱን ደግሞ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ።

ባለጋሪ_የድሮው · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ አባትሽን ሳላውቀው አልቀርም፣ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። ነፍሱን ይማረው።

እኔ 20 ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። የወፈረ ፈረስ አንድም ቀን አላየሁም፣ የከሳ ነው የማውቀው። እኛ የሐረርጌ ሰዎች በእጃችን እያጎረስን በሬ አደልበን ለሀገር የምናበላ ነን፣ ማክሳት የሚባል ሙያ ከየት ይመጣል። ቢሆንም ሥራ የሌለው ፈረስ ፋጉሎ አይሰጠውም፤ ፋጉሎ ለሚደልብ ከብት ነው። ፉሩሽካውን ግን ያለ ሞላሰስ፣ በውሃ ብቻ አርጥበሽ ብትሰጪው ምንም አይለውም። ፉሩሽካ ቀላል ነው፣ ገለባ ማለት ነው።

ቬት_ዘላን · ሰኞ፣ ማታ 3፡58

ጋሼ፣ በፋጉሎው ትክክል ነዎት። በፉሩሽካው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ቀላል የሚመስለው በእጅ ሲያነሱት ነው። ዱቄት ተጣብቆበት ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ስታርች አለው። ሌላው፣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በጣም ይበልጣል። ፈረስ ዕለት ዕለት እሱን ብቻ ሲበላ ካልሲየም ከአጥንቱ እየተሳበ ይሄዳል፣ የፊቱ አጥንት ያብጣል። ፊታቸው ያበጠ የጋሪ ፈረሶች ያጋጠምዎት ይመስለኛል።

ባለጋሪ_የድሮው · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

አይቻለሁ። ቡዳ ነው እንል ነበር።

ሱካር_ቤት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በርጫ_ሰዓት፣ አንተን ግን ሱካር ላይ አስቀምጬ የደንገጎን ዳገት ነው የማስወጣህ።

ለካሁት። እናቴ ሜትሩን ይዛ፣ ወንድሜ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ሰፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ። ዙሪያው 150 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 145። ኳስ አድርጎ አይተፋም። ደግሞ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠዋት ጠዋት ምንም ብሰጠው አይነካም። ማታ ይሻላል።

ቬት_ዘላን · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ዙሪያውን በራሱ ታባዢዋለሽ፣ በርዝመቱ ደግመሽ ታባዢዋለሽ፣ ለ11,880 ታካፍዪዋለሽ። 150 ጊዜ 150 ጊዜ 145፣ ሲካፈል 275 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ለክትትል ይበቃል።

የሚቀንስ ፈረስ በቀን የክብደቱን 1.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ላንቺ 4 ኪሎ ከ100 ግራም አካባቢ ነው። ድርቆሽም ጭድም ውስጡ ትንሽ እርጥበት ስላለው፣ በሚዛን ሲመዘን 4.7 ኪሎ በይው። በእቅፍ አትገምቺ። የአንዷ ሴት እቅፍ የሌላዋን ሁለት እጥፍ ሲሆን አይቻለሁ። ማንጠልጠያ ሚዛን ግዢ።

ከዚህ ውስጥ ግማሹ ድርቆሽ፣ ግማሹ የጤፍ ጭድ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ግን ዛሬ አይደለም! ዛሬ ከአሥር እጅ አንዱን ጭድ አድርጊ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ግማሽ ታደርሺዋለሽ። ጭድ በድንገት ሲበዛ አንጀት ውስጥ ይቋጠራል። ውሃ ከፊቱ አይጥፋ፤ በዚህ ክብደት በቀዝቃዛ አገር 15 ሊትር ይበቃው ነበር፣ በድሬ ሙቀት እጥፉን አስቢ። ቀለቡን አራት ቦታ ክፈዪው፣ ትልቁን ድርሻ ለሌሊቱ አቆዪ። ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ መሆን የለበትም።

ጭድ ብቻውን ፕሮቲንም ማዕድንም ይጎድለዋል። ከዚያው ልክ ላይ ቀንሰሽ 300 ግራም ያህል የደረቀ አልፋልፋ ጨምሪለት፣ ጨውም ይላስ። አሞሌ ካገኘሽ ደህና ነው።

ደንገጎ_ላይ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ ጭድ ነጋዴ ነኝ፣ ከደጋ አምጥቼ ድሬ አራግፋለሁ። ፈረሱ ለምን ፊቱን እንዳዞረ ልንገርሽ። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ እዚያው ላይ ይሸናሉ፣ ይጥላሉ። ከሥር የተጠረገው ጭድ ይሄን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ለላም ምኗም አይደል። ፈረስ ግን አፍንጫ ነው። አንቺ ሳትሸቺው እሱ ይሸተዋል።

ደግሞ ጭድ ገዢ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለከብት የሚገዛና ለጭቃ ቤት የሚገዛ። ከተማ ገብተሽ ዝም ብለሽ «ጭድ ስጡኝ» ካልሽ ለጭቃ የሚሆነውን አቧራማውን ይጭኑልሻል። «ለፈረስ ነው፣ ከክምሩ ከላይ ያለውን» በዪ። ጨብጠሽ አሽትቺው። ወርቅማ፣ ለስላሳ፣ የእህል ሽታ ያለው ሲሆን ነው። ሻጋታ የሸተተሽን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

አንድ ሌላ ነገር። ድርቆሹን ፈትሽው። እዚህ አካባቢ የሚታጨደው ሣር ውስጥ ፋራምሲሳ የሚባለው አረም ይቀላቀላል። መራራ ነው፣ እንስሳ ይሸሸዋል። ለቅሞ ለቅሞ ግማሹን የሚረግጠው እሱን እየለየ ከሆነ ፈረሱ ጥበበኛ ነው፣ መራጭ አይባልም።

አሸዋ_ሜዳ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

የማሽላ አገዳስ? በየቦታው ሞልቷል፣ ርካሽ ነው። ለምለሙ ደግሞ ይጣፍጠዋል።

ቬት_ዘላን · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ለምለም ማሽላ ለፈረስ አይሆንም። የኋላ እግር ያዝላል፣ ፊኛ ያሳምማል፣ ሽንት መቆጣጠር ያቅተዋል። በተለይ ቡቃያው ወይም ዝናብ አጥሮት የጠወለገው ሳይናይድ ይይዛል። ከብት አርቢ ጎረቤት በደግነት እቅፍ ቢያመጣልሽ አመስግነሽ መልሺው፤ ቡቃያውና የጠወለገው ለላምም አደገኛ ነው።

ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ፍሬም እንደዚሁ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ፈረሶች ሲለቅሙት አያለሁ። ጣፋጭ ነው፣ ስኳር ነው።

ጀጎል_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ማንም ስለ ጣዕሙ አልነገራትም እኮ! ጥያቄዋ የሚጥም ነው።

እኔ ሐረር ነኝ። ቤታችን አንዲት በቅሎ አለች፣ ከሱካር የባሰች ኩሩ። የምትድነው በሁልበት ነው። ሁልበት ማለት አብሽ፣ እናንተ ድሬዎች ታውቁታላችሁ። እኛ ሾርባውን ለራሳችን እንሠራለን፣ ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሷ ይቆነጠራል። አብሹን አፍልቼ፣ ውሃውን አቀዝቅዤ ጭዱ ላይ እረጨዋለሁ። አቧራውም ይተኛል፣ የአውድማው ሽታም ይጠፋል። እንግሊዝ አገር ፈረሶችን ብዙ ዓይነት ሽታ ያለው መኖ አቅርበው ሲያስመርጡ በ2005 የወጣ ጥናት ነበር፣ አንደኛ የወጣው አብሽ ነው። ሁለተኛ ሙዝ። ከሙንም ካሮትም ናናም ከተወደዱት ውስጥ አሉ። አያቴ ይሄን ስነግራት «ለዚህ ነው ፈረንጅ ገንዘብ የሚያወጣው?» አለችኝ።

ሱካር_ቤት · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

አብሽ! ቤታችን ሙሉ ማሰሮ አለ። ነገ እሞክራለሁ።

ሙዙስ አያወፍርም?

ጀጎል_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡52

ለሽታ ያህል ነው እንጂ ሙዝ አብዪው አላልኩሽም። ግማሽ ጣት የምታህል ቁራጭ በውሃ በጥብጠሽ ርጪው። ከዚያ እያሳነስሽ ተዪው።

ቬት_ዘላን · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚህ ሌላ ድርቆሹን በውሃ ዘፍዝፊው። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ጥላ ሥር። ስኳሩ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ውሃውን ድፊው፣ ፈረሱ እንዳይጠጣው። ፈረንጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈዝፋሉ፣ አንቺ ግን ድሬ ላይ እንዳትሞክሪው፣ እስከ ጠዋት ይቦካል። ከተዘፈዘፈ በኋላም ቶሎ ይብላው፣ የተረፈውን አታቆዪ።

የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሰኮናቸውን ለሚታመሙ ፈረሶች ተፈልጎ ከሚገዛው ድርቆሽ አንዱ ጤፍ ነው። ፍሬው ሳይሆን ገና ለምለም ሳለ ታጭዶ የደረቀው ሣሩ። ስኳሩ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሆነ። እኛ ጤፍን ለፍሬው ስለምንዘራው የሚተርፈን ጭዱ ነው።

በርጫ_ሰዓት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡14

እኛ ጤፍ በኪሎ ስንት ገባ እያልን ስንቆዝም የአሜሪካ ፈረስ ጤፍ ይበላል። ወላሂ ፈረስ ሆኜ ቪዛ ልጠይቅ ነው።

ፈጢራ_በማር · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

ቆይ ቆይ። ይሄ ፈረስ ዳማ ነው? ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው? ጠዋት ጠዋት ለገሃሬ አካባቢ ሰማያዊ በር ላይ የሚታሰረው?

ሱካር_ቤት · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡31

አዎ። ግቢው እስኪጠረግ ነው እዚያ የማስረው። ለምን?

ፈጢራ_በማር · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡50

እህቴ ይቅር በዪኝ። እኔ ቁርስ ቤት ነው የምሠራው። በየቀኑ 1 ሰዓት ላይ ከሳህን የተረፈውን ፈጢራ አምጥቼ እሰጠዋለሁ። ማር ያለበትን ነው የሚወደው። እንቁላል ያለበትን ይተፋል። ሲያየኝ እግሩን መሬት ይደበድባል፣ እንደሱ የሚጠብቀኝ ሰው የለኝም። የተራበ መስሎኝ ነው ወላሂ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ማንጎ የምትሸጠው ሴትዮ ልጣጩን ትሰጠዋለች። ተማሪዎቹ ደግሞ ብስኩት።

ሱካር_ቤት · ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡02

ወይ ጉድ!!! እኔ ሚዛን ልገዛ ታይዋን ገበያ ልሄድ ስል እሱ ሁለት ቤት ይበላል? ለዚህ ነው ጠዋት ጭድ አልነካም የሚለው!

ባለጋሪ_የድሮው · ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡10

ፈጢራ በማር በልቶ ጭድ አልበላም ቢል እኔም በፈረሱ አልፈርድም።

ቬት_ዘላን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00

😂 ዱቄት፣ ዘይት፣ ማር። እንግዲህ መራጭነቱ ከዚህ ነው። ለስኳር የለመደ አፍ ጭድ ለመቀበል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ታገሺው። ውጪ አትሰሪው፣ ካሰርሽው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፊ። ፈጢራ_በማር፣ ልብህ ደግ ነው፣ ግን እጅህን ብቻ ይዘህለት ሂድ። ማከክ ይወዳሉ፣ ሙዳው ላይ በጥፍርህ እከክለት።

እንቅስቃሴም ያስፈልገዋል። ፀሐይ ሳትከር፣ 12 ሰዓት ላይ፣ 20 ደቂቃ እየሳብሽ ፈጠን ያለ እርምጃ። ሰኮናው ካመመው ግን አይሆንም። ደቻቱ አሸዋ ላይ ለእርምጃ ደህና ነው፣ ቀለቡን ግን አሸዋ ላይ አትበትኚለት፤ አሸዋውን አብሮ ይውጣል፣ ሆዱ ውስጥ ይከማቻል።

ሱካር_ቤት · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ጠዋት በሩን በግንባሩ ይገፋል፣ ያናፋል። ጎረቤት «ፈረሱን ምን አደረጋችሁት» ይላል። በሩ ላይ ካርቶን ለጥፌያለሁ፣ «ሱካር ሕመምተኛ ነው፣ ምንም አትስጡት»። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ከሥሩ በእስክሪብቶ «ውሸት ነው፣ ሱካር» ብሎ ጻፈበት። የማን እጅ እንደሆነ እገምታለሁ፣ በርጫ_ሰዓት።

አብሹ ሠርቷል። መጀመሪያ የረጨሁበትን ጭድ አሸተተ፣ ትቶት ሄደ፣ ተመልሶ አሸተተ፣ አንድ አፍ ወሰደ። ጮህኩ! ደንግጦ ተወው። በሚቀጥለው ቀን ዝም ብዬ ከጓዳ አየሁት፣ በላ። ጭዱን ደንገጎ_ላይ እንዳለው «ለፈረስ ነው፣ ከላይ» ብዬ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ «የአዋቂ ንግግር ነው» አለኝ። ድርቆሹ ውስጥ ፋራምሲሳ ነበረበት፣ እናቴ ተቀምጣ እንደ ምስር ለቀመችው።

አሁን ግማሽ በግማሽ ደርሰናል። ጭዱንና ድርቆሹን ቀላቅዬ፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የገመድ መረብ ውስጥ አድርጌ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ቶሎ አይጨርሰውም። መረቡን የሠራልኝ ወንድሜ ነው። የሽንኩርት ከረጢት ሞክረን ነበር፣ ፕላስቲኩን ማኘክ ሲጀምር ጣልነው።

ቬት_ዘላን · እሁድ፣ ማታ

ጎበዝ! ዙሪያውን በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ። በሳምንት የክብደቱን ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ከቀነሰ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከፈጠነ ቀለቡን ከፍ አድርጊለት።

ሱካር_ቤት · ከስምንት ሳምንት በኋላ

ዙሪያው 146። ሒሳቡን ሠራሁት፣ 260 ኪሎ ገደማ። 15 ኪሎ ወርዷል! ትናንት ጎድኑን ዳበስኩ፣ አለ። የጋማው ሥር ግን ገና ነው፣ ትንሽ ለስለስ ብሏል እንጂ አልጠፋም። ጥርሱንም አስነካሁለት፣ ኋላ ጥግ ላይ የሾለች ነበረች፣ ሐኪሙ ሞረደለት።

አሁን አዲስ ጥያቄ አለኝ። ዝናብ ዘንቦ ግቢው አረንጓዴ ሆኗል። ልልቀቀው ወይስ አልልቀቀው?

ቬት_ዘላን · በማግስቱ

አትልቀቂው። ለጋ ሣር ስኳር ነው፣ የለፋሽውን በሁለት ሳምንት ይመልስብሻል። መልቀቅ ካማረሽ የሣር መብያውን የሚያጠብ የአፍ መሸፈኛ አሠሪለት፣ ጠዋት በማለዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ።

ፈጢራ_በማር · በማግስቱ፣ ከቀኑ 8፡15

ዛሬ ጠዋት አከክኩለት። ኪሴን ነው ያሸተተው።